ልጆች ይዛችሁ ሐረር ስትውሉ፣ እናንተም እንድትደሰቱ

ከድሬ (ድሬዳዋ) ቤተሰብ ሰብስቦ ሐረር ውሎ መምጣት የተለመደ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ሚኒባስ ኮንትራት ይያዛል፣ ልጆች ይሳፈራሉ፣ ምሳ ይቋጠራል፣ ይወጣል። ልጆቹ ሲቦርቁ ይውላሉ። ትልልቆቹስ? እናት ቦርሳና የውሃ ጠርሙስ ተሸክማ «አትሩጥ፣ አትንካ» ስትል ትውላለች። አባት ሂሳብ ሲከፍልና ከባለባጃጅ ጋር ሲከራከር ይመሽበታል። አያት አንድ ጥግ ደረጃ ላይ ተቀምጠው ይጠብቃሉ። ማታ ሲመለሱ ሁሉም «ተመስገን፣ በሰላም ገባን» ይላሉ እንጂ «ደስ ብሎኝ ዋልኩ» የሚል ትልቅ ሰው እምብዛም አትሰሙም።

ይሄ ነገር ከልቤ ያሳዝነኛል። ሐረር እኮ ልጅ አጫውተው የሚመለሱባት ሜዳ ብቻ አይደለችም። አንድ ትልቅ ሰው ቀኑን ሙሉ ቢዞርባት የማያልቅባት ከተማ ናት። ደግሞ ልጅ እናቱን ስትስቅ ካያት የራሱ ደስታ እጥፍ ይሆናል። ስለዚህ ልጆችን እንዴት እንደምታዝናኑ አልነግራችሁም፣ እነሱ ያውቁበታል። የምነግራችሁ እናንተ እንዴት እንደምትደሰቱ ነው።

ዋናው ሥራ የሚሠራው ዋዜማውን ማታ ነው፣ ቡና ላይ። ሁሉም ሰው ሐረር ላይ የሚፈልገውን አንድ ነገር ይናገር። አንድ ብቻ። ልጆችም፣ አባትም፣ እናትም፣ አያትም። «እኔ ምንም አልፈልግም፣ እናንተ ብቻ ደስ ይበላችሁ» የሚል መልስ አትቀበሉ። ይህን የሚሉት አብዛኛውን ጊዜ እናቶች ናቸው፣ ቀኑን ሙሉ የሚደክሙትም እነሱው። ስለዚህ ግፉ፣ ጠይቁ፣ እስክትናገር ጠብቁ። አንዷ «ጨርቅ ገዝቼ ማሰፋት» ትላለች። አንዱ «ሙዚየሙን ማንም ሳይጎትተኝ ማየት» ይላል። አያት «የድሮ ጎረቤቴን መጠየቅ» ይሉ ይሆናል። የተባለው ሁሉ ይያዝና ለእያንዳንዱ ትልቅ ሰው አንድ አንድ ሰዓት ይመደብለት። በዚያ ሰዓት ልጆቹን ሌላው ይይዛል። ሰውየው ስልኩን ኪሱ ውስጥ ይክተት፣ ማንም «ውሃው የት አለ» ብሎ አይደውልበት። ተራ በተራ ነው፣ ማንም አይቀማም። ከዚህ በታች ያለው ሁሉ ቢቀርባችሁ እንኳ ይህቺን አንዷን ያዙልኝ።

የምትሄዱበትን ጊዜ በተመለከተ፣ ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ወቅት ጥሩ ነው። ክረምት ላይ የጀጎል፣ በግንብ የታጠረው የድሮው ከተማ፣ የድንጋይ መንገድ ያንሸራትታል፣ ከሕፃንና ከሽማግሌ ጋር ደግሞ አይመከርም። ዓርብ ከሆነ የጁምዓን ሰዓት አስቡበት፣ ያኔ ብዙ ሱቅ ይዘጋል። ሹዋሊድ ላይ መሄድ የሚፈልግም አለ። ሹዋሊድ ከረመዳን በኋላ የሚጾመው የስድስት ቀን ጾም ሲያልቅ የሚከበር የሐረሪዎች በዓል ነው፣ በ2016 ዓ.ም. ዩኔስኮ በማይዳሰስ ቅርስነት መዝግቦታል። ያምራል፣ ዝክሩን ሰምቶ የማይመሰጥ የለም። ግን ሰው እንደ ጉድ ነው። ትንንሽ ልጆች ካሏችሁ ለመጀመሪያ ጊዜ በተራ ቅዳሜ ሂዱ፣ ለበዓሉ ልጆቹ ከፍ ሲሉ ትመለሳላችሁ።

ልብስ ላይ የድሬ ሰው ሁሌ ይሳሳታል። ድሬ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ሐረር ግን 1,900 ሊሞላ ጥቂት ነው የሚቀረው። ቀን ላይ ልዩነቱ ደስ ይላል፣ ሲመሽ ይበርዳል። ድሬ ተወልዶ ያደገ ልጅ ሹራብ ላይኖረው ይችላል፣ ከጎረቤት ተዋሱለት። ለአያት ጋቢ ያዙ። ማታ ጅብ ለማየት ሜዳ ላይ ስትቀመጡ ብርድ የያዘው ልጅ «ቤት እንሂድ» ብሎ ማልቀስ ከጀመረ ሁሉም ነገር እዚያው ያበቃል።

መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። ግን ደንገጎ አለ። ጠመዝማዛው ዳገት ላይ ሆዱ የሚገለበጥ ልጅ ከሁለት ቤተሰብ በአንዱ አይጠፋም። ጠዋት ከባድ ቁርስ አታብሉ፣ ዳቦና ሻይ ይበቃል። የሚያመውን ልጅ ከፊት ወይም መስኮት ጋር አስቀምጡት፣ ስልክ እንዳያይ፣ ሩቅ ሩቁን ይይ። ፌስታል እጃችሁ ላይ ይሁን። ሾፌሩን ገና ከድሬ ሳትወጡ «ወንድሜ፣ ዳገቱ ላይ ቀስ በልልን፣ ልጆች አሉ» በሉት፣ ቀድሞ የተነገረው ሾፌር አይቆጣም። ዳገቱን ጨርሳችሁ ስትወጡ አንዴ ቁሙና ወደ ኋላ ተመልከቱ፣ ከታች ቆላው ተዘርግቶ ይታያል። ትልልቆቹ የመጀመሪያ ትንፋሻችሁን እዚህ ውሰዱ።

ቀጥሎ ሐረማያ ነው። ሐይቁ ደርቆ ከብት ሲሰማራበት ያያችሁ ሰዎች ካላችሁ፣ አሁን ተመልሶ ውሃ መያዙን ልጆቻችሁን አሳዩአቸው። ደርቆ እንደነበርም ንገሯቸው። የውሃ ነገር ለድሬ ልጅ ቅርቡ ነው፣ የደቻቱ ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ከርሞ በአንድ ሌሊት ጎርፍ ሲሆን እየሰማ ነው የሚያድገው። አወዳይን ግን እለፉት። የጫት ገበያው ግርግር ከልጆች ጋር አይሆንም።

ሐረር ስትደርሱ ጀጎል ውስጥ በመኪና ልዙር አትበሉ። መኪናው ውጭ ይቁም፣ በእግር ግቡ። ጀጎል አምስት ጥንታዊ በሮች አሉት፣ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር እና ፈላና በር። ሐረሪዎቹ በራሳቸው ቋንቋ ሌላ ስም አላቸው፣ ልጆቹ ከሐረሪ ልጆች ጠይቀው ይልቀሙት፣ ጥሩ ጨዋታ ይሆናቸዋል። ግንቡን የከተማው ሰው ከቀድሞው የሐረር ገዥ ከአሚር ኑር ስም ጋር አያይዞ ነው የሚያነሳው። ውስጡ ዩኔስኮ ሲመዘግበው፣ በ1998 ዓ.ም. ማለት ነው፣ 82 መስጊዶችና 102 የዚያራ ቅዱሳን ሥፍራዎች እንዳሉት ተጽፏል። ይህን ሁሉ ልታዩ አትሞክሩ! ብዙ ቤተሰብ ቀኑ የሚበላሽበት እዚህ ላይ ነው። ዝርዝር ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ መሮጥ፣ ልጅ መጎተት፣ ፎቶ፣ ቀጥሎ፣ ፎቶ። ከሰዓት በፊት ሁለት ነገር፣ ከሰዓት በኋላ የየራሳችሁ ምርጫ፣ ማታ ጅብ። በቃ።

መታወቂያ ያለው አስጎብኚ ብትይዙ ይጠቅማችኋል፣ «እኛ እኮ የአገሩ ሰው ነን» አትበሉ። ድሬ መወለድ ጀጎልን ማወቅ አይደለም። ዋጋውን ቀድማችሁ ጨርሱ፣ ስንት ሰዓት እንደሆነም ተነጋገሩ። አስጎብኚ መያዝ ትልቁ ጥቅሙ መንገድ ማሳየቱ አይደለም፣ ለልጆቹ ጥያቄ ሌላ መልስ ሰጪ መገኘቱ ነው። እናንተ ከኋላ ቀስ እያላችሁ ግድግዳ፣ በር፣ ቀለም ታያላችሁ፣ ጠያቂውን ልጅ ከፊት ሌላ ሰው ይዞላችሁ።

የመጥፋት ነገርም ይታሰብበት። ጀጎል ውስጥ በጠባብ መተላለፊያ ላይ ጠባብ መተላለፊያ ነው፣ አንዳንዱ ሁለት ሰው ጎን ለጎን አያሳልፍም። ለልጆች ደግሞ ከዚህ የተሻለ መደበቂያ የለም። ጠዋት ስልክ ቁጥራችሁን በእስክሪፕቶ ክንዳቸው ላይ ጻፉ። «ከጠፋህ ፈረስ መጋላ የት ነው ብለህ ሴቶች ጠይቅ፣ እዚያ ቁም» በሏቸው። ፈረስ መጋላ የጀጎል መሃል አደባባይ ነው፣ የማያውቀው የሐረር ሰው የለም። ይህን አንዴ ካስተካከላችሁ በየደቂቃው ጭንቅላት መቁጠር ይቀርላችኋል፣ ዓይናችሁም ከተማውን ማየት ይጀምራል።

ከሰዓት በፊት ከምታዩአቸው ሁለት ነገሮች አንዱ ጊዲር መጋላ ይሁን። የሥጋ ገበያው ላይ ጭላቶች ሲያንዣብቡ ታያላችሁ። ቁራጭ ሥጋ ገዝታችሁ እጃችሁን ወደ ላይ ስትዘረጉ ጭላቱ ከላይ ተወርውሮ ይነጥቃችኋል፣ ክንፉ ፀጉር እየነካ። እባካችሁ ይህን ለልጆች ብቻ አትተዉ። ትልቅ ሰው ሲጮህና ሲስቅ ማየት የፈለገ እዚያ ይሂድ። ሥጋውን በጣት ጫፍ ሳይሆን መዳፍ ላይ አድርጉት፣ እጃችሁን ከፊታችሁ አርቁ፣ ትንንሾቹን ደግሞ ከጀርባችሁ አቁሙ። በአካባቢው ያሉት ሥጋ ሻጮች እንዴት እንደሚደረግ ያሳዩአችኋል።

ሁለተኛው የግንቡ ውጪ ጎን ነው። ከአንዱ በር ወጥታችሁ ወደሚቀጥለው ግንቡን ይዛችሁ ተራመዱ፣ ዙሪያውን መጨረስ አይጠበቅባችሁም። ግንቡ ሥር ጅቦች ሌሊት የሚገቡባቸው ቀዳዳዎች አሉ፣ ሐረሪዎች ወራባ ኑዱል ይሏቸዋል። «መጀመሪያ ያገኘ ያሸንፋል» ብላችሁ ልጆቹን ልቀቋቸው። እነሱ ሲፈልጉ እናንተ በሰላም ታወራላችሁ። ባልና ሚስት ልጅ ሳያቋርጣቸው ጎን ለጎን የሚራመዱበት ሰዓት በሳምንት ውስጥ ስንቴ ይገኛል?

አሁን ምሳ። የድሬ ሰው ሐረር ዘመድ አያጣም፣ ዘመድ ቤት ደግሞ «ደህና ዋላችሁ» ብሎ መውጣት የለም። ምሳ ሰዓት ከገባችሁ እስከ አሥር ሰዓት አትወጡም። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፣ ፍቅር ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ደውሉና «እትዬ፣ ማታ ጅብ አይተን እንመጣለን፣ እናንተው ጋ እናድራለን» በሏቸው። ሁለት ነገር አንዴ አገኛችሁ፣ ቀናችሁ ይተርፋል፣ ማደሪያም አላችሁ። ምሳውን ቀለል አድርጉት፣ ሳምቡሳ፣ ፉል፣ ጭማቂ። የበላው የደከመው ልጅ እንቅልፍ ይወስደዋል፣ ይውሰደው።

ከሰባት እስከ ዘጠኝ ሰዓት የትም አትሂዱ። ፀሐዩ አናት ላይ ነው፣ ሁሉም ይነጫነጫል፣ ከእናንተ ጀምሮ። ጀጎል ውስጥ በአደሬ ቤት፣ በባህላዊው የሐረሪ ቤት ማለት ነው፣ የሚያስተናግዱ ማረፊያዎች አሉ። አንዱን ከያዛችሁ ይህ ሰዓት የቀኑ ምርጥ ሰዓት ይሆንላችኋል። ጫማ አውልቃችሁ ትገባላችሁ። ወለሉ ከፍና ዝቅ ያለ ነው፣ ነደባ የሚሉት መቀመጫ በአምስት ደረጃ የተሠራ፣ እያንዳንዱም የሚቀመጥበት ሰው አለው። ግድግዳው በስፌትና በሳህን ተሞልቷል። የቤቱን እመቤት ጠይቁ፣ የትኛው ነደባ ለማን እንደሆነ ይነግሯችኋል። አያትን ከፍ ያለው ላይ አስቀምጧቸው። ልጆች ምንጣፉ ላይ ይተኛሉ፣ ትልልቆቹም ጋደም በሉ። ቡና ይፈላል፤ ሆጃ የሚሉትን ትኩስ መጠጥም ካገኛችሁ ቅመሱት። ከከተማ ወጥቶ መተኛት ቀን ማባከን የሚመስለው አለ። አይደለም። ማታ ጅብ ፊት ቁጭ ስትሉ ዓይናችሁ የሚከፈተው በዚህ እንቅልፍ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ልናገር። ይህ ሰዓት የበርጫ፣ የጫት መቃሚያ ሰዓት ነው። አባት፣ አጎት፣ የወንድም ጓደኛ «ለአንድ ሰዓት ብቻ» ብለው ይወጣሉ፣ አንድ ሰዓቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ይሆናል። ከዚያ በኋላ ያለው ቀን የእናት ብቻ ነው። ማንንም ለመውቀስ አይደለም፣ አገሩ ነው፣ ልማዱ ነው። ግን በዓመት ውስጥ ለአንዲት ቀን ሌላ ጊዜ ይሁን። ዋዜማውን ቡና ላይ ይህም አብሮ ይነገር፣ ከሁሉም ፊት። አባት ቃል ከገባ ልጆቹ ያስጠብቁታል።

ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ተራው የትልልቆቹ ነው። የጨርቅ ፍቅር ያላት መኪና ግርግር ትሂድ። ልብስ ሰፊዎቹ በረድፍ ተቀምጠው ይሰፋሉ። ዙሪያውን ጨርቅ አለላችሁ፣ ድሪያው፣ ሽርጡ፣ የተለያየ ቀለም። ጠዋት ስታልፉ ለክታችሁ ብትሰጡ ከሰዓት ትቀበላላችሁ፣ ቀላል ስፌት ከሆነ ቁማችሁም ያልቅላችኋል። ልጆች ሳይጎትቷችሁ ጨርቅ መምረጥ ራሱ እረፍት ነው፣ የሚያውቅ ያውቀዋል።

ታሪክ የሚወድ ራስ ተፈሪ ቤት ይሂድ። የአብዱላሂ ሸሪፍ ሙዚየም እዚያ ነው፣ አንድ ሰው በራሱ ጥረት የሰበሰበው። የድሮ ገንዘብ፣ በእጅ የተጻፉ መጻሕፍት፣ ጌጣ ጌጥ፣ አልባሳት፣ የጦር መሣሪያ። አንድ ሰው ይህን ሁሉ ከየቤቱ ለምኖና ገዝቶ ከመጥፋት እንዳዳነው ሳስብ ሁሌ እደነቃለሁ። ቶሎ ቶሎ አትለፉ። አንድ ክፍል መርጣችሁ ቁሙበት። ልጅ ይዞ ሙዚየም መግባት ግን ለማንም አይበጅ፣ ትልቅ ልጅ ካልሆነና ራሱ ካልጠየቀ በስተቀር።

ራምቦ ቤትም ቅርብ ነው። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የገባው እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1880 መጨረሻ ነው፣ ቡና ሲነግድ ኖሯል። ቤቱ ግን ከእሱ በኋላ በህንድ ነጋዴ የተሠራ ነው፣ ይህን እዚያ የሚነግሯችሁ ላይኖሩ ስለሚችሉ ቀድማችሁ እወቁት። ቢሆንም ግቡ። ባለቀለም መስታወቱ፣ የድሮ የሐረር ፎቶዎቹ፣ ከላይ ሆኖ ከተማውን ማየቱ ይበቃል። አያቶች ፎቶዎቹ ፊት ቆመው ሲያወሩ አጠገባቸው ሁኑ፣ ከየትም የማትሰሙትን ትሰማላችሁ።

ልጆቹን ለመያዝ ተረኛ የሆነው ደግሞ ፈረስ መጋላ ይዟቸው ይቆይ፣ ሐላዋና ሙሸበክ ያብላቸው። ጠዋት ለየልጁ ትንሽ ትንሽ ብር ስጡና «የዛሬው ይሄ ነው፣ ሲያልቅ አለቀ» በሏቸው። ከዚያ በኋላ «ግዛልኝ» የሚባል ነገር የለም፣ ራሱ ያስባል፣ ራሱ ይመርጣል፣ እናንተም እንደ ባንክ ቤት መስኮት ቀኑን ሙሉ አትቆሙም። ሰዎችን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ፣ ልጆቹም ይህን ከእናንተ ይማሩ።

ማታው የጅብ ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ ከግንቡ ውጭ፣ ሲጨልም ይመጣሉ። መጋቢው በስማቸው ይጠራቸዋል። በዚህ ሥራ ስማቸው ከገነነው አንዱ ዩሱፍ ሙሜ ሳልህ ናቸው፣ ሥራውን ለልጃቸው ለአባስ አስተላልፈዋል። ሥጋውን አጭር እንጨት ላይ ሰክተው ጅቡ ከእጃቸው ይወስዳል፣ የፈለገ እንግዳም እንጨቱን ይዞ ያበላል፣ የደፈረ በአፉ ይዞ።

እውነቱን ለመናገር፣ እዚህ ላይ ከልጅ ይልቅ የሚፈራው ትልቅ ሰው ነው። እኛ «ዝም በል፣ አያ ጅቦ መጣልህ» እየተባልን ነው ያደግነው። የጅብ ድምፅ ስንሰማ ብርድ ልብስ ውስጥ የገባን ሰዎች ነን። ልጆቹ ግን አንዴ አይተው ወዲያው ይለምዳሉ። ስለዚህ ከኋላ ቆማችሁ በስልክ አትቅረጹ። ሂዱ፣ ተንበርከኩ፣ እንጨቱን ያዙ። ትንፋሹ እጃችሁን ሲነካ ከልጅነት ጀምሮ ይዛችሁት የመጣችሁት ፍርሃት ሲለቃችሁ ይሰማችኋል። በእኔ እምነት ሐረር ለትልቅ ሰው የምትሰጠው ትልቁ ነገር ይሄ ነው፣ ሌላው ሁሉ ቢቀር ይህ እንዳይቀርባችሁ።

ጥንቃቄው ብዙ አይደለም። መጋቢው ያለውን ስሙ፣ የት እንደምትቀመጡ እሱ ያሳያችኋል። አትሩጡ፣ ልጅም እንዳይሮጥ እጁን ያዙ። ሥጋ ወይም ምግብ ቦርሳ ውስጥ አትያዙ። የፈራ ልጅን «አንተ ወንድ አይደለህም እንዴ» ብላችሁ አትግፉት፣ እቅፍ አድርጋችሁ ከሩቅ ያሳዩት፣ በዚያው ምሽት ራሱ «ልቅረብ» ሊል ይችላል፣ ባይልም ምንም አይደለም። ሴት ልጆቻችሁን ደግሞ ይህን ንገሯቸው፣ በእነዚህ ጅቦች ዘንድ መንጋውን የምትመራው ሴቷ ናት፣ በአካልም ከወንዱ ትበልጣለች። የቷ እንደሆነች መጋቢውን ይጠይቁት። ክፍያውንም እንደ አስጎብኚው ቀድማችሁ ጠይቁ፣ ከመቀመጣችሁ በፊት።

ከዚያ በኋላ በሌሊት ወደ ድሬ አትውረዱ። ደንገጎ በጨለማ፣ የተኛ ልጅ ጭኖ፣ የደከመ ሾፌር ይዞ ምን ያደርጋል? እደሩ። ዘመድ ቤት ከሆነ እራት እየጠበቃችሁ ነው፣ ማረፊያ ከያዛችሁም ያንኑ ነደባ ላይ ትተኛላችሁ።

እሑድ ጠዋት ቁርስ ፉል ብሉ፣ ትናንት ያልደረሰላችሁ ልብስ ካለ ተቀበሉ፣ የሐረር ቡና ግዙ። በመንገድ ላይ ከሐረማያ ካሮትና ድንች፣ ለጎረቤትም ለውዝ ያዙ፣ ሹራብ ያዋሰችውን ጎረቤት እንዳትረሱ። ድሬ ሙቀቱ ሳይበረታ፣ ከአምስት ሰዓት በፊት ለመግባት ጠዋት በጊዜ ውጡ። ማታ ቡና ሲፈላ ልጆቹን ሳይሆን ትልልቆቹን «አንቺስ የቱን ወደድሽው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ የሚቀጥለውን ጉዞም ከመልሷ ጀምሩ።